የማካካሻ ትምህርት፣ የመምህሩ ደመወዝና የማኅበሩ ድርሻ፤ የአቃቂ ቃሊቲን ሁኔታ መነሻ በማድረግ

መግቢያ

በትምህርት ቤቶቻችን መዛግብት ውስጥ «የማካካሻ ትምህርት» የሚል ዕቅድ የማይገኝበት የለም ለማለት ይቻላል። መስከረም ሲጠባ ዕቅዱ ይወጣል፤ የደካማ ተማሪዎች ስም ዝርዝር ይዘጋጃል፤ አስተማሪውና የሚሰጥበት ቀን ይመደባል፤ በሰኔም ሪፖርቱ ይቀርባል። በዕቅዱና በሪፖርቱ መካከል ግን ትምህርቱ በእርግጥ ተሰጥቷልን? ከተሰጠስ ማን፣ በየትኛው ሰዓትና በምን ዋጋ ሰጠው? የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ይታለፋል።

እንደሚታወቀው ስለ መምህራን ማኅበር፣ ስለ መምህራን ደመወዝና ትምህርት ስለሚከብዳቸው ተማሪዎች ሲጻፍ ሦስቱ ጉዳዮች በየፊናቸው ይጻፋሉ። የመጀመሪያው የሕግና የታሪክ፣ ሁለተኛው የበጀት፣ ሦስተኛው የማስተማር ዘዴ ተደርጎ ይታያል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሦስቱም በአንድ ነገር ላይ፣ ይኸውም በመምህሩ ሰዓት ላይ የሚገናኙ መሆናቸውን ማስረዳት ነው። ለምሳሌ ያህል የምንወስደው የአቃቂ ቃሊቲን ሁኔታ ቢሆንም፣ በሌላ አካባቢ የሚያስተምሩ አንባቢዎችም የራሳቸውን ትምህርት ቤት እንደሚያዩበት እንገምታለን።

1. በአቃቂ ቃሊቲ የሚታየው

አቃቂ ቃሊቲ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ የሚገኝ፣ ነባሩ የጅቡቲ የባቡር ሐዲድ የሚያልፍበት፣ በጨርቃ ጨርቅ፣ በብረታ ብረትና በመለዋወጫ ፋብሪካዎቹ የታወቀ የኢንዱስትሪ አካባቢ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህም በገላንና በቱሉ ዲምቱ የተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ከመሐል ከተማ የተዛወሩ ብዙ ቤተሰቦችን አክለውበታል። ከዚህም የተነሣ አባቱ በሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ልጅ፣ በዓመቱ አጋማሽ ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውሮ የመጣ ልጅ፣ እንዲሁም ከገጠር መጥቶ ከዘመድ ጋር የሚኖርና በቤቱ ኦሮምኛ የሚናገር ልጅ በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው አንድ ገጽ ይገልጣሉ። መምህሩም ሦስቱን በአንድ የትምህርት ዕቅድ ማስተማር ይጠበቅበታል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከ20 ዓመታት በፊት በዚሁ አካባቢ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል አስተምሯል። በክፍሉ ውስጥ የአማርኛን ምንባብ ሲጠየቅ ሳይደናቀፍ የሚወጣው አንድ ልጅ ነበር፤ በመዝገቡም ላይ «በጥሩ የሚያነብ» ተብሎ ተጽፎለት ነበር። አንድ ቀን መጽሐፉ በስሕተት በሌላ ገጽ ተገልጦ ሳለ ልጁ የትናንቱን ምንባብ ቃል በቃል ወጣው። ዓይኑ በገጹ ላይ ነበር፤ የሚናገረው ግን ከጓደኞቹ ሰምቶ በቃሉ የያዘውን ነበር። ከፊደላቱ ሲፈተን ግማሹን ያህል እንኳ አይለይም።

በማግስቱ ከመጨረሻው ክፍለ ጊዜ በኋላ እንዲቆይ ነገርነው፤ እርሱም ቆየ። ሁለት ሳምንት ያህል አብረን ሠራን፤ ለውጥም መታየት ጀመረ። ይሁን እንጂ አስተማሪው የቤት ኪራዩን የሚሞላው በማታ ትምህርት ቤት በሚያገኘው ገንዘብ ስለ ነበር፣ የማታው ፕሮግራም ሲጀመር «ለጊዜው እናቆየው» ተባለ። ያ «ለጊዜው» እስከ ሰኔ ድረስ ዘለቀ። ልጁ ወደ አምስተኛ ክፍል አለፈ፤ በጥቅምት ስሙ ሲጠራ የሚመልስ አልተገኘም። የት እንደ ገባ የጠየቀ አልነበረም፤ ይህ ጸሐፊም አልጠየቀም።

ይህን የምናነሣው ለንስሐ ወይም ለጸጸት አይደለም። በዚያ ክፍል የጎደለው የማስተማር ዘዴ ዕውቀት እንዳልነበረ፣ ልጁም እንዳልሰነፈ፣ አስተማሪውም ልቡ እንዳልደነደነ ለማሳየት ነው። የጎደለው ሰዓት ነበር፤ ሰዓቱም ለሌላ ተሽጦ ነበር።

2. «ደካማ» የሚባለው ተማሪ

በየትምህርት ቤቱ ተማሪዎችን ፈጣን፣ መካከለኛና ደካማ ብሎ መክፈል የተለመደ ነው። ክፍፍሉ ለመዝገብ ይመች ይሆናል፤ ለማስተማር ግን ብዙም አይጠቅምም፤ ልጁ የደከመበትን ነገር አይነግረንምና። ለመለየት ያህል የኋሊት መቅረት ምክንያቶችን በአራት ከፍለን ልናያቸው እንችላለን።

ሀ) የመሠረት ጉድለት፤ ይኸውም ፊደልን፣ ቁጥርን ወይም መደመርና መቀነስን በጊዜው ሳይጨብጡ ማለፍ ነው።
ለ) የቀሪ ቀናት መብዛት፤ በሕመም፣ በቤት ሥራ ወይም በመዛወር የተነሣ የትምህርቱ ሰንሰለት መበጠስ ነው።
ሐ) የቋንቋ ልዩነት፤ በቤት የሚነገረውና በክፍል የሚሰጠው ቋንቋ አለመገጣጠም ነው።
መ) የአካልና የኑሮ ሁኔታ፤ ረሀብ፣ የዓይን ወይም የጆሮ ጉድለት፣ የእንቅልፍ እጦት ነው።

ከእነዚህ መካከል ረሀብን በሚመለከት ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተስፋፋው የተማሪዎች ምገባ ትልቅ ሸክም አቃሏል። የቀሩት ሦስቱ ግን በዋናነት በመምህሩ እጅ የሚወድቁ ናቸው።

በተለይ የመጀመሪያው፣ የመሠረት ጉድለት፣ በአማርኛ ንባብ ረገድ የራሱ ጠባይ አለው። 33ቱ መሠረታዊ ፊደላት በየሰባት ድምፃቸው ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ። ልጁ ግን የሚሳሳተው በሁሉም ላይ አይደለም። ስሕተቱ የሚበዛው መልካቸው በሚቀራረቡት፣ እንደ ሰና ሸ፣ ደና ጀ፣ ነና ኘ ባሉት፣ እንዲሁም ቅጥላቸው ትንሽ በሆነው በካዕብና በሣልስ መካከል፣ ከሁሉም ይልቅ በሳድስ ላይ ነው። ከዚህም አልፎ ጽሕፈታችን ጥብቀትን ስለማያሳይ፣ «አለ» የሚለው ቃል ተናገረ ማለት ይሁን ወይም ይገኛል ማለት ይሁን፣ «ዋና» የሚለውም የውኃ ዋና ይሁን ወይም ዋነኛ ነገር ይሁን አንባቢው የሚያውቀው ከዐረፍተ ነገሩ ነው። ፊደሉን አንድ በአንድ እየቆጠረ የሚያነብ ልጅ ዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያውን ረስቶታል፤ ስለዚህም ቃሉን ቢጠራውም ትርጉሙን አያገኘውም።

እንዲህ ያለውን ስሕተት ለመለየት ልጁን ለብቻው ማስነበብ ያስፈልጋል። አሁን ስሌቱን እንመልከት። በደረጃው መሠረት 50 ተማሪዎች ባሉበት የመጀመሪያ ደረጃ ክፍል፣ 40 ደቂቃ የሆነው ክፍለ ጊዜ ያለ ምንም ብክነት ለሁሉም እኩል ቢከፋፈል ለአንዱ ልጅ የሚደርሰው 48 ሰኮንድ ነው። በ48 ሰኮንድ ስም ይጠራል፤ ንባብ አይመረመርም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች ሳይደግሙ እንዲያልፉ ሲያደርግ፣ ከእርሱ ጋር ተከታታይ ምዘናና ድጋፍ እንዲሰጥ ታስቦ ነበር። ሐሳቡ ሁለት እግር ነበረው፦ አንዱ ማሳለፍ፣ ሁለተኛው መደገፍ። የመጀመሪያው በቀላሉ ተፈጸመ፤ ወጪ አልነበረውምና። ሁለተኛው ሰዓት የሚጠይቅ በመሆኑ በብዙ ስፍራ በወረቀት ላይ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገሪቱ በተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ በትክክል ማንበብ እንዳልቻሉ መታየቱ የዚህ ውጤት ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

የዚያም ፍጻሜ በ12ኛ ክፍል ይታያል። በአገር አቀፍ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም ዩኒቨርሲቲዎች የአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም ከፍተው ተማሪዎችን ያስተምራሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። በዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት በጀት፣ መምህር፣ ክፍልና የሰዓት ሰሌዳ ተመድቦለታል። በሁለተኛ ክፍል የሚሰጠው ግን ለመምህሩ በጎ ፈቃድ ተትቷል። ቀዳዳው ገና የመርፌ ቀዳዳ ሳለ ያልተሰፋው ጨርቅ ከተቀደደ በኋላ በብዙ ወጪ ይጠገናል ማለት ነው።

3. ልምድ የሚያሳየው

ተማሪን በዕድሜው ወይም በክፍሉ ሳይሆን በደረሰበት ደረጃ ማስተማር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቄስ ትምህርት ቤት ልጁ ፊደል ሳይለይ ወደ አቡጊዳ፣ አቡጊዳን ሳይጨርስ ወደ ሐዋርያ፣ ከዚያም ወደ ወንጌልና ወደ ዳዊት አይሻገርም። አንዱ በስድስት ወር፣ ሌላው በሁለት ዓመት ይደርሳል፤ የቀደመው ተማሪም የኋላውን ያስቀጽላል። ያ ሥርዓት ብዙ ጉድለት ነበረበት፤ ይሁን እንጂ «ያልገባውን አታሳልፈው፤ ለብቻው ስማው» የሚለው መርሑ ዛሬም የሚጠቅም ነው።

ይህንኑ መርሕ በዘመናዊ መንገድ የፈተኑት በሕንድ አገር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በሙምባይና በቫዶዳራ ከተሞች ፕራታም የተባለው ድርጅት ወደ ኋላ የቀሩትን የ3ኛና የ4ኛ ክፍል ልጆች ከ15 እስከ 20 በሚሆኑ ቡድኖች እየከፈለ፣ በትምህርት ሰዓት ውስጥ በቀን ሁለት ሰዓት ያህል በአካባቢው ወጣት ሴቶች እንዲያስተምሯቸው አደረገ። በጥናት ሲመዘን ውጤቱ ከፍተኛ ሆኖ ተገኘ።

ለእኛ የበለጠ ትምህርት የሚሰጠው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ዘዴው ወደ መንግሥት መምህራን ሲተላለፍ፣ በኡታራክንድ ግዛት ሥልጠናና መጽሐፍ ብቻ ተሰጥቶ ሰዓቱ ሳይለይ ቀረ፤ ለውጥም አልታየም። በቢሃር ግዛት እ.ኤ.አ. በ2008 እነዚያው የመንግሥት መምህራን በዕረፍት ወራት ተጨማሪ ክፍያ እያገኙ ለአንድ ወር ብቻ ልጆቹን ሲያስተምሩ ንባባቸው ተሻሻለ። በሃርያና ግዛትም እ.ኤ.አ. በ2012 እና 2013 ከትምህርት ቀኑ አንድ ሰዓት ተለይቶ፣ ተማሪዎች በደረጃቸው ተመድበውና ሱፐርቫይዘሮች እየተከታተሉ ሲሠራ ውጤት ተገኘ። መምህራኑ ከአንድ ዓይነት ሥርዓት የመጡ ናቸው፤ ዘዴውም አንድ ነው። ልዩነቱ ሰዓቱ መለየቱና አለመለየቱ ነበር።

4. ደመወዝ ምን ያደርጋል? ምንስ አያደርግም?

በአገራችን የመምህራን የዕድገት መሰላል ከጀማሪ መምህር ተነሥቶ፣ በመለስተኛ፣ በመምህርና በከፍተኛ መምህር በኩል አልፎ እስከ መሪ መምህርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። መሰላሉ የሚመለከተው በዋነኛነት የአገልግሎት ዘመንንና የሥራ አፈጻጸምን ነው። ከድልድሉ ውጭ ለአንድ ልጅ የዋለች ሰዓት ግን በአብዛኛው እንደ ትጋት ትመሰገን እንደ ሆነ እንጂ እንደ ሥራ አትቆጠርም።

የኑሮ ውድነቱ ደግሞ ያችኑ ሰዓት ከመምህሩ ወስዷታል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ መንግሥት የሠራተኞቹን ደመወዝ ሁለት ጊዜ አሻሽሏል። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ሥራ ላይ እንዲውል በተወሰነው ማሻሻያ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚቀጠር ጀማሪ ሠራተኛ ደመወዝ ደግሞ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ይህ መልካም እርምጃ ነው። ሆኖም በከተማው ዳርቻ አንዲት ክፍል ቤት ተከራይቶ ቤተሰብ የሚያስተዳድር መምህር የማታ ትምህርት ወይም የቤት ለቤት ማስጠናት ሳይጨምር ወሩን መዝለቅ እንደሚከብደው ከመምህራን ጋር የሚውል ሁሉ ያውቃል።

ታዲያ ደመወዝ ቢጨመር ደካማው ተማሪ ወዲያውኑ ይጠቀማልን? በዚህ ረገድ እውነቱን መሸሽ አይገባንም። በኢንዶኔዥያ እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው ሕግ መሠረት የሙያ ማረጋገጫ ያገኙ መምህራን መነሻ ደመወዛቸው እጥፍ ሆነ። በኋላ በተደረገው ጥናት መምህራኑ በኑሯቸው ይበልጥ እንደ ረኩ፣ ከትምህርት ቤት ውጭ ተጨማሪ ሥራ መያዛቸውም እንደ ቀነሰ ታወቀ፤ የተማሪዎቹ ውጤት ግን አልተለወጠም።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ደመወዝ አይጠቅምም የሚል አይደለም። ደመወዝ የመምህሩን ሰዓት ከውጭ ሥራ ነፃ ያወጣል፤ ነፃ የወጣው ሰዓት ወደ ልጁ የሚደርሰው ግን መንገድ ሲበጅለት ነው። ቦይ ያልተቆፈረለት ውኃ ቢበዛም ማሳውን አያጠጣም፤ በደረቅ ቦይም ማሳ አይለማም። ሁለቱ በአንድነት መታሰብ ይኖርባቸዋል።

5. የማኅበሩ ታሪክና ድርሻ

እንዲህ ያለው ጉዳይ መምህራንን በሚወክል አካልና በአስቀጣሪው መሥሪያ ቤት መካከል በምክክር የሚወሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅትና የዓለም የሥራ ድርጅት በጋራ ያጸደቁት ስለ መምህራን ደረጃ የተሰጠ ምክረ ሐሳብ፣ ደመወዝና የሥራ ሁኔታ ከመምህራን ድርጅቶች ጋር በመደራደር እንዲወሰን፣ የማስተማሪያ ሰዓትም ሲደለደል የተማሪዎች ብዛት፣ ለዝግጅት የሚያስፈልገው ጊዜ፣ ተማሪን ለመምከርና ከወላጆች ጋር ለመነጋገር የሚውለው ጊዜ ጭምር እንዲታሰብ ይላል። የመምህሩ ሥራ ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመበት ጊዜ ብቻ አለመሆኑ በዚህ ታውቋል።

በአገራችን የመምህራን ማኅበር የተመሠረተው በ1941 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። የፋብሪካ ሠራተኞች በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበርን ሲያቋቁሙ፣ መምህራን የመንግሥት ሠራተኞች በመሆናቸው ከዚያ ውጭ ሆነው በሙያ ማኅበራቸው ጸኑ። አቃቂን በመሰለ አካባቢ የተማሪው አባት በፋብሪካው የሠራተኛ ማኅበር፣ የተማሪው መምህርም በመምህራን ማኅበር ታቅፈው በሁለት ሕግ ሥር ጎን ለጎን ኖረዋል። ልዩነቱ ዛሬም አለ፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመንግሥት ሠራተኞችን አይመለከትም።

በማኅበሩ ታሪክ ውስጥ ትልቁን ስፍራ የያዘው የ1966 ዓ.ም. ድርጊት ነው። በ1964 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የትምህርት ዘርፍ ጥናት፣ በተለምዶ «ሴክተር ሪቪው» የሚባለው፣ ለብዙኃኑ ሕፃናት የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ለማዳረስ ያቀደ ነበር። ዓላማው ትምህርትን ማስፋት ቢሆንም፣ ወላጆች «የድኻ ልጅ ከአራተኛ ክፍል እንዳያልፍ ተፈረደበት» ብለው ሠጉ፤ መምህራንም የደመወዝ ዕድገታቸው እንዳይገታ ፈሩ፤ ጥናቱ ሲዘጋጅም አልተጠየቅንም አሉ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፤ ታክሲ ነጂዎችም በዚያው ዕለት አድማ መቱ። በዚያው ወር የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥራውን ለቀቀ፤ ዕቅዱም ተተወ።

ይህ ድርጊት ብዙ ጊዜ የሚታወሰው በፖለቲካ ውጤቱ ነው። ለትምህርት ባለሙያ ግን ሌላ ትምህርት አለው። መምህራኑ በአንድነት ያነሡት ሁለት ነገር ነበር፤ የራሳቸው ደመወዝና የድኻው ልጅ ትምህርት። ሕዝቡም ከጎናቸው የቆመው ሁለቱ በአንድነት ስለ ተነሡ ነው። በአንጻሩ የዕቅዱ አውጪዎች፣ በውስጡ ብዙ ጠቃሚ ሐሳብ ሳለ፣ ሥራውን የሚሠሩትን ሳያማክሩ በመቅረታቸው ሁሉንም አጡ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ቀና አልነበረም። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ማኅበሩ በሁለት ወገን ተከፍሎ ለብዙ ዓመታት ተካስሷል፤ የአንደኛው ወገን ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶክተር ታዬ ወልደ ሰማያት ከ1988 እስከ 1994 ዓ.ም. ታስረዋል፤ ጉዳዩም በዓለም የሥራ ድርጅት ፊት ደጋግሞ ታይቷል። የንብረትና የስም ክርክሩ በሰበር ችሎት የተቋጨው በ2000 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ዓመታት «ማኅበሩ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ «ማኅበሩ ለክፍሉ ምን ያድርግ?» የሚለውን ዋጠው። የዚያ ዘመን ጉዳት በመምህራን ላይ ብቻ የቀረ አልነበረም፤ ስለ ሥራ ሰዓትና ስለ ድልድል በእርጋታ የሚነጋገር ወገን በመታጣቱ ተማሪውም ተጎድቷል።

6. ሊሠራበት የሚችል አንድ ስሌት

ለዕቅድ አውጪዎች ነገሩ በቁጥር ቢቀርብ ይበጃል። የሚከተለው ለምሳሌ ያህል የተሠላ እንጂ የአንድ ትምህርት ቤት መረጃ አይደለም።

አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት 10 መምህራንን ለማካካሻ ትምህርት ቢመድብ፣ እያንዳንዱም በሳምንት 4 ክፍለ ጊዜ 12 ልጆችን ቢይዝ፣ 120 ልጆች ይደገፋሉ። በቡድኑ ውስጥ አንዱ ልጅ በሳምንት ከ160 ደቂቃ ውስጥ 13 ደቂቃ ያህል የራሱ ተራ ይኖረዋል። በ12 ሳምንት ውስጥ ደግሞ ቡድኑ 48 ክፍለ ጊዜ፣ ማለትም 32 ሰዓት ይማራል። የተጠቀሱት የውጭ ልምዶች እንደሚያሳዩት ፊደል ያልለየን ልጅ ወደ ቃልና ወደ ዐረፍተ ነገር ለማሸጋገር ይህ ቀላል የማይባል ጊዜ ነው።

ወጪውስ? መምህሩ በሳምንት 25 ክፍለ ጊዜ፣ በወር 100 ክፍለ ጊዜ ያስተምራል ብንል፣ የ11,500 ብር ደመወዝ በክፍለ ጊዜ 115 ብር ይሆናል። በወር 16 ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ 1,840 ብር፣ ለ10 መምህራን 18,400 ብር ነው። ይህም ለአንድ ልጅ በወር 153 ብር ያህል ይደርሳል። ተጨማሪ ክፍያ ካልተፈለገና 40ው ክፍለ ጊዜ ከመደበኛው ድልድል እንዲቀነስ ከተደረገ፣ ክፍተቱን ለመሙላት 1.6 መምህር ያስፈልጋል፤ የዚያም ደመወዝ ያው 18,400 ብር ነው። ሁለቱ መንገዶች በዋጋ እኩል ናቸው። ሦስተኛው መንገድ፣ ማለትም ሳይከፈልና ሳይቀነስ «በትጋት ይሠራ» ማለት፣ ርካሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሳይሠራ ስለሚቀር የሚያስገኘው ሪፖርት ብቻ ነው።

በአፈጻጸሙ የሚከተሉት ነጥቦች ቢጠበቁ መልካም ይሆናል።

ሀ) ሰዓቱ በትምህርት ቤቱ የሰዓት ሰሌዳ ላይ እንደ ማንኛውም ክፍለ ጊዜ ይጻፍ፤ በተቻለ መጠንም በትምህርት ቀኑ ውስጥ ይሁን። ወላጁ በፈረቃ የሚሠራ ልጅ ታናናሾቹን ለመጠበቅ ወደ ቤቱ ስለሚቸኩል ከሰዓት በኋላ የሚቆይ አይመስለንምና።
ለ) ልጆች የሚመረጡት በአማካይ ውጤት ሳይሆን አንድ በአንድ በማስነበብ ይሁን። ፊደል፣ ቃል፣ ዐረፍተ ነገር፣ አንቀጽ በተጻፈበት አንድ ወረቀት ለአንድ ልጅ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ወረቀቱ ከመማሪያ መጽሐፉ የተወሰደ አይሁን፤ በቃል የተያዘ ምንባብ እንደሚያታልል ከላይ አይተናል።
ሐ) ቡድኑ የጊዜ ገደብ ይኑረው። በ12 ሳምንት መጨረሻ ልጁ ዳግመኛ ይነበብለት፤ የደረሰ ይውጣ፤ ያልደረሰ ዓይኑ፣ ጆሮውና የቤቱ ሁኔታ ይመርመር።
መ) ክፍያው በሰዓት ይሁን እንጂ በደካማ ተማሪዎች ብዛት አይሁን፤ መምህሩም በተቻለ መጠን የራሱን ክፍል ልጆች አይያዝ። አንዳንድ ወገኖች ለማካካሻ ትምህርት ቢከፈል መምህሩ መደበኛውን ክፍል ያቀዘቅዛል ብለው ይሠጋሉ። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም፤ ወላጅ በሚከፍልበት የግል ማስጠናት ላይ የታየ ነው። መከላከያውም ይኸው ነው።
ሠ) ድልድሉና ክፍያው በትምህርት ቤቱ የመምህራን ማኅበር ተጠሪ፣ በርእሰ መምህሩና በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ዘንድ በጋራ ይወሰን። ማኅበሩ ስለ ደመወዝ በሚያቀርበው ጥያቄ ውስጥም የማካካሻ ሰዓት ራሱን የቻለ ነጥብ ሆኖ ይግባ።

ማጠቃለያ

ከላይ እንዳየነው ተማሪው ወደ ኋላ የሚቀረው በአንድ ክፍል ውስጥ ለብቻው የሚሰማው ሰው በማጣቱ ነው። የሚሰማው መምህርም ሰዓቱን የሚያጣው ኑሮው ወደ ሌላ ሥራ ስለሚያስኬደው ነው። ሰዓቱ እንዲመለስ የሚጠይቀው ወገን፣ ማለትም ማኅበሩ፣ ጥያቄውን ከልጁ ጉዳይ ጋር አያይዞ ሲያቀርብ ወላጅም ዕቅድ አውጪም ይሰማዋል። ስለዚህ ሰዓቱ የማን ነው? ለሚለው መልሱ «የልጁ ነው» የሚል ነው፤ የልጁ ከሆነ ደግሞ የሚከፍለው ልጁን አስተምራለሁ ብሎ የመዘገበው ሥርዓት እንጂ መምህሩ ከራሱ ኪስ አይደለም።

የአቃቂው ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ሆኗል፤ ምናልባትም የራሱን ልጅ ከእነዚያው ትምህርት ቤቶች በአንዱ አስመዝግቦ ይሆናል። ያ ሕፃን በመጪው መስከረም መጽሐፉን ገልጦ ከጓደኞቹ የሰማውን በቃሉ ሲወጣ፣ መምህሩ ገጹን ገልብጦ የሚጠይቅበትና ከጠየቀም በኋላ አብሮት የሚቀመጥበት ሰዓት በሰሌዳው ላይ ተጽፎ እንዲቆየው ማድረግ የዛሬ ሥራችን ነው።